ላጲሶ የፈራው በሽታ

ላጲሶ በአሰብ መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በልጅነቱ ከሆሳዕና አዲስ አበባ መጥቶ ሥራ ከያዘ በኋላ አትላስ አካባቢ ልብስ የምትሰፋውን ዕፀገነትን አገባና ገርጂ ቤት ተከራይተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ሳቂታ ሰው ነበር፤ ከመንገድ ሲመለስ የመኪናውን ጥሩንባ ከሩቅ ስለሚያሰማ ጎረቤቱ ሁሉ መምጣቱን ያውቅ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ጺሙን ሲላጭ ከመንጋጋው በታች ባቄላ የምታህል እብጠት ጣቱን ነካችው። አላመመችውም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አጠገቧ ሌሎች ወጡ።

ላጲሶ ሐኪም ቤት አልሄደም። የሥራ ባልደረባው ገረመው አንገቱ ላይ እንዲህ ያለ እብጠት ወጥቶበት፣ ከስቶና ተጎሳቁሎ ሲሞት አይቷል። በቀብሩ ላይ የበሽታውን ስም የጠራ ሰው ባይኖርም ሁሉም ያውቅ ነበር። ላጲሶም ከማግባቱ በፊት በየመንገዱ ከተማ ቡና ቤቶች ከገረመው ጋር አብሮ ያመሸ ሰው ነው። ስለዚህ የያዘው በሽታ ኤድስ መሆኑን አልተጠራጠረም።

ለማንም አልተናገረም። የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ይቆልፍ ጀመር። ወገቤን አሞኛል ብሎ ፍራሹን ወደ ሳሎን አወጣ፤ የሚጠጣበትን ብርጭቆ ለየ። ልጁ ልትስመው ስትሮጥ ፊቱን ያዞርባታል። ዕፀገነት ሌላ ሴት ይዟል ብላ አመነች። ብትጠይቀው መኪናዬን ልይ ብሎ ወጣ። ስፌት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ደንበኞቿ ሲያዩአት ጉንፋን ይዞኛል ትል ነበር።

እንዲህ ሆነው አንድ ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ ላጲሶ መንገድ ላይ ትንፋሽ አጥሮት ረዳቱ ደግፎ ቤት አስገባው። ከስቷል፤ ያተኩሰዋል፤ ሸሚዙ በላብ ረጥቧል። ዕፀገነት ልትቀይርለት ስትል እጇን ያዘ፤ ግን አቅም አልነበረውም። ቁልፎቹን ስትፈታ አንገቱን በሁለቱም በኩል አየችው።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ደበቅከኝ?» አለችው።

«አንቺን እንዳልገድልሽ» አላት።

ፍራሹም ብርጭቆውም ያኔ ገባት። ስለ ራሷም ስለ ልጇም ፈራች። ቢሆንም በማግስቱ ሆስፒታል ወሰደችው።

ዶክተሯ አንገቱንና ብብቱን ዳሰሰች፣ ደም አስወሰደች፣ ካበጡት እጢዎች አንዷን አስወጥታ ለምርመራ ላከች። ውጤቱ ሲደርስ ሁለቱንም አስቀምጣ ደሙ ከፈራው በሽታ ነጻ መሆኑን ነገረቻቸው። ያለበት ሊምፎማ የሚባል የእጢ ካንሰር ነበር። በሁላችንም አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቁ ትንንሽ እጢዎች እንዳሉ አስረዳቻቸው። ጉሮሮ ሲቆስል ያብጡና መልሰው ይሟሽሻሉ። በላጲሶ እጢዎች ውስጥ ግን ሕዋሳቱ ራሳቸው ያለ ልክ መራባት ይዘዋል። በሽታው በብርጭቆም በመኝታም ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። የሳንባ ነቀርሳም ኤድስም አንገት ላይ እንዲህ ያለ እብጠት ስለሚያወጡ፣ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ካልታየ በመዳሰስ ብቻ መለየት አይቻልም አለች።

ላጲሶ ልብ ያለው ኤድስ አለመሆኑን ብቻ ነበር። የሚስቱን እጅ ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ካንሰር ነው እኮ!» አላት። «ዕፄ፣ ካንሰር ብቻ ነው!»

ዶክተሯ አቀረቀረች።

«ይድናል፣ ዶክተር?» አለች ዕፀገነት።

«አንገታቸው ላይ ብቻ ሳለ ቢመጡ ኖሮ ተስፋችን ትልቅ ነበር። አሁን ደረታቸውም ሆዳቸውም ውስጥ ገብቷል። የምንችለውን እናደርጋለን።»

የዚያን ዕለት ፍራሹ ወደ መኝታ ቤት ተመለሰ። ላጲሶ ልጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጉንጯን እስኪበቃው ሳማት።

መድኃኒቱ በደም ሥሩ ይሰጠው ጀመር። ፀጉሩ ረገፈ፤ ያስመልሰው ነበር፤ ግን እብጠቱ እየቀለጠ ሄደ። በግንቦት ወር ሦስቱም ወደ ቦሌ ቡልቡላ ወርደው፣ ማሳ ዳር ተቀምጠው አውሮፕላን ሲያርፍ አዩ። ዕፀገነት ዳነ ብላ ለማመን ደፈረች። መስከረም ላይ እብጠቱ ከቀድሞው ጠንክሮ ተመለሰ። ምግብ መዋጥ አቃተው፤ ድምፁም ተዘጋ። በኅዳር ሞተ።

ለቅሶው ላይ ጎረቤታቸው እማማ አስመረት ዕፀገነት አጠገብ ተቀመጡና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ለልጅሽ ስትይ አንቺም ደምሽን ተመርመሪ» አሏት። የተናገሩት በክፋት አልነበረም። ዕፀገነት ዶክተሯ ያለችውን ለሰፈሩ ሁሉ ስታስረዳ ከርማለች፤ አንድም ያመናት የለም። አሁን ለማስረዳት አቅም አልነበራትም። የሚያንገበግባት የሰው ሐሜት ሳይሆን ያ ዓመት ነበር፤ እሱ ሳሎን፣ እሷ መኝታ ቤት፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው፣ ጠላኝ እያለች ያለቀሰችበት፣ ሐኪም ሊያድነው ይችል የነበረበት ዓመት።

«እሺ፣ እማማ» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።