የእህቴ ፌስታል በእኔ ክምር ውስጥ

እኔ የማገላብጠው ክምር ውስጥ የብረት አልጋ ብትጥሉ በሳምንቱ ብሎኑን ብቻ ነው የምታገኙት። ለመኩራራት አይደለም፤ በኮምፖስት ማምረቻው ሎደር ከምንነዳው ሁሉ የእኔ እጅ የተለየ መሆኑን አይጡ ሳይቀር ያውቃል። ክምሬ ከመሀል ሲከፈት እንፋሎቱ ደመና ይሠራል፤ አንዴማ ሊዘንብ ምንም አልቀረውም ነበር።

ታዲያ ታናሽ እህቴ ከበቆሎ ስታርች የሚበሰብስ ፌስታል ማምረት ስትጀምር ወደ ማን ትምጣ? መኝታ ክፍሏን ለማሽኑ ለቅቃ ከእማዬ ጋር ሳሎን አንድ ፍራሽ ላይ ነው የምትተኛው። የማምረቻው ኃላፊ አንድ ዕድል ሰጣት። የሰፈራችን ሰው የኩሽና ትርፍራፊውን በእሷ ፌስታል ይልካል። ክምሩ በስብሶ ሲነፋ ወንፊቱ ላይ ፌስታል ካልቀረ፣ የከተማው ኩሽና ሁሉ የእሷን ይጠቀማል። ከቀረ ግን ከእንግዲህ ማንኛውም ፌስታል በማምረቻው በር አያልፍም። ያ ፌስታል ደግሞ እንደኛ ባለ ትኩስ ክምር ውስጥ ካልሆነ ሜዳ ላይ ተጥሎ አይበሰብስምና ሌላ ፈላጊ የለውም።

«አደራ፣ ወንድምዓለም» አለችኝ።

እኔ እያለሁ ምን አሳሰበሽ፣ ዱካውን እንኳ አታገኚውም አልኳት።

ክምሩን እንደ አራስ ተንከባከብኩት። ሲደርቅ አጠጣሁት፤ ሲታፈን ገልብጬ አየር ሰጠሁት። ሙቀቱ በሬ ይቀቅል ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ጥጃ ነው የሚቀቅለው ብለው እስከ ዛሬ ይከራከሩኛል።

የሚነፋበት ቀን እህቴ ለሠርግ የገዛችውን ጫማ አድርጋ መጣች። እንደ በርሜል የሚሽከረከረው ወንፊት ደቃቁን ከሥር እያራገፈ ትልልቁን በአፉ ይተፋል። መጀመሪያ ቅርንጫፍ ወጣ፤ ከዚያ አጥንት። ከዚያ ጥቁር ፌስታል፣ ተራ የሱቅ ፌስታል፣ እንደተቋጠረ ወጣ። ሌላም ተከተለው። ሌላም።

ኃላፊው ፍታው አለኝ። ፈታሁት። ውስጡ የእህቴ አረንጓዴ ፌስታል ቁጭ ብሏል፣ ከነልጣጩ። ጥቁሩ አፍኖት አየር አላገኘ፣ ከመኮምጠጥ በቀር ምንም አልሆነም። ሽታው ሦስት ሰፈር ቢያስለቅቅም ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ሎደር ተራራ ይገለብጣል እንጂ ቋጠሮ አይፈታ፣ ምን ላድርግ?

ማን እንደደረበው ለማወቅ አንዲት ጎረቤት መጠየቅ በቃን። እማዬ ናት። ፌስታሉን ቤት ለቤት ያደለችው እሷ ነበረች። ስስ ሆኖ፣ ላብ ላብ ሲለው ብታይ ልጄ እንዳትሰደብ ብላ፣ በጠንካራ ጥቁር ፌስታል ደርባችሁ ቋጥሩት እያለች ሁሉንም አስጠንቅቃለች።

ኃላፊውን ለመንኩት። ፌስታሉ ራቁቱን ቢገባ ኖሮ ሽታው እንኳ አይተርፍም ነበር ብዬ ማልኩ። ሌላ ጊዜ ሲያላግጥብኝ የሚውለው ሰውዬ ያን ቀን አላላገጠም።

«አምንሃለሁ» አለ። «ግን ነገም ይደርቡታል። በየቤቱ እየዞርኩ ቋጠሮ ልፈታ ነው?»

መንገዱን ሙሉ አፌ አልተዘጋም። ጓሯችን ውስጥ ባለ ፎቅ ክምር እሠራልሻለሁ፣ ከጎረቤት አገር ሳይቀር መጥተው ይጎበኙታል አልኳት። ጓሯችን ልብስ ማስጫ ገመድ እንኳ በሰያፍ ካልሆነ አይበቃውም። እህቴ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ነበር የምትሄደው።

እማዬ በር ላይ ጠበቀችን። እንዴት ሆነ አለች።

«አልበሰበሰም፣ እማ» አለች እህቴ።

የእማዬ ፊት በራ። «ጠንካራ ነው አላልኳችሁም?»

እህቴ አየችኝ። እኔ፣ ሬዲዮ የማይወዳደረኝ ሰውዬ፣ ጫማዋን ከእጇ ተቀበልኩ።

«አዎ» አለቻት። «ጠንካራ ነው።»

በማግስቱ ማሽኑን ልንሸጠው አወጣነው። አምስት ዝሆን ይከብዳል። እማዬ የት ልትወስዱት ነው ብትል እህቴ ሰፊ ቤት ተገኘለት አለቻት። እማዬም እልል ለማለት ምንም ሳይቀራት በሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳትጭሩት፣ ቀስ በሉ እያለች አሳለፈችን።