ከመንገድ የተያዙት ዳኛ

ከአሜሪካ የመጣው የእንጨት ሣጥን ሲከፈት ሙሉእመቤት ሁለት ነገር አገኘችበት፤ አሥራ አንድ የታሪክ መጽሐፍና አንድ ቀጭን የመምህር መምሪያ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቿ ስልሳ ሁለት ናቸው። አሥራ አንድን ለስልሳ ሁለት ማካፈል የሒሳብ መምህሩ ራስ ምታት ይሁን ብላ መምሪያውን ይዛ ቤቷ ገባች።

መምሪያው ሐሳብ ሞልቶታል። ስለ አሜሪካ ነፃነት ስታስተምሩ፣ ይላል፣ ልጆቹ ባንዲራ የሚመስል ኬክ ይጋግሩ። በትምህርት ቤቱ ያለው ምድጃ የዘበኛው የጋሽ ቱሉ የከሰል ማንደጃ ነው፤ እሱም ከቆሎ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ክፍሉን አጨልማችሁ ፊልም አሳዩ ይላል። ማጨለሙስ ቀላል ነበር፤ ክፍሉ ያለው መስኮት አንድ ነው። ፊልሙ ነው የጠፋው። የዚያን ዘመን ሹማምንት መስለው ነጭ ሰው ሠራሽ ጸጉር ያድርጉ ይላል። እዚህ ላይ ሙሉእመቤት ቆም አለች። የክፍሏ እኩሌታ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ነው፤ ለፈትል የተዘጋጀ ባዘቶ በየቤታቸው በቁና ተቀምጧል።

ዘመኑ ሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። ሙሉእመቤት ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥታ ጉለሌ ከተመደበች ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ቀርቷታል፤ የሙከራ ዓመቷ ማለት ነው። በዚህ ወር ውስጥ ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ መጥቶ አንድ ክፍለ ጊዜ ያያታል። «ትጽና» ብሎ ከጻፈ መምህር ሆነች። ካልጻፈ ወደ አባቷ ቤት ተመልሳ ባል መጠበቅ ነው። ተቆጣጣሪው አቶ ባጫ ነገራ እንደሚባሉ ሰምታለች እንጂ አይታቸው አታውቅም። አምና አንድ የጂኦግራፊ መምህር ካርታ ዘቅዝቆ ሰቅሎ ስላገኙት በዚያው ሳምንት አሰናብተውታል ተብሎ ይወራል። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ፈንታ በአማርኛ ያስተማረ ካገኙ ደግሞ ከካርታው ይብስባቸዋል አሉ።

ስለዚህ ሙሉእመቤት ሦስት ሳምንት ሙሉ በእንግሊዝኛ አስተማረች። ልጆቹ ጸጥ ብለው ይሰማሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይወጣሉ። በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ቀን ቶለሳን አስነሳችና አሜሪካኖቹ የእንግሊዝን ሻይ ለምን ባሕር ውስጥ እንደጣሉት ጠየቀችው። ቶለሳ ደብተሩ በመልካም የእጅ ጽሑፍ የተሞላ፣ የሸማኔ ልጅ፣ ጎበዝ የሚባል ተማሪ ነው። ጥቂት አሰበና፣

«ስኳር ስላልነበረው ነው፣ እትዬ» አለ።

ማንም አልሳቀም። ሌሎቹም መስሏቸው የነበረው ይኸው ነው።

የታሪክ ፈተናው የሚቀጥለው ሰኞ ነበር። ሙሉእመቤት በዚያ ምሽት መምሪያውን ዘጋችው። አባቷ በአንድ ቁራሽ መሬት ዘጠኝ ዓመት የተሟገተ ሰው ነው፤ እሷም ያደገችው በችሎት ደጃፍ ነው። በማግስቱ ሐሙስ በአማርኛ እንዲህ አለቻቸው።

«ባላገርና ንጉሥ ተካሰዋል። ከሳሽ የአሜሪካ ባላገር ነው። ተከሳሽ የእንግሊዝ ንጉሥ። ዛሬ እንሟገታለን።»

ስልሳ ሁለቱም ባንዴ ነቁ። የባለሱቁ የሸፊ ልጅ ቡርቱካን ለባላገሩ ጠበቃ ሆነች፤ አባቷ በቀረጥ ምክንያት በየቀኑ ሲነጫነጭ ስለምትሰማ መጽሐፍ አላስፈለጋትም። ባዶ የሻይ ሣጥንም ሮጣ ከሱቁ አምጥታ ለማስረጃ አስቀመጠች። ለንጉሡ ቶለሳ ቆመ፤ ሮጦ ከእናቱ ያመጣው ባዘቶ በራሱ ላይ ተከምሮለታል።

«ዳኛውስ?» አለች ሙሉእመቤት።

«ከኛ መሃል አይሆንም፣» አለች ቡርቱካን፣ «ሁሉም የቶለሳ ጓደኛ ነው። እንደ ድሮው ከመንገድ ይያዝልን።»

በድሮ ጊዜ ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገደኛ አስቁመው ዳኝነት ቢጠይቁት እምቢ ማለት ነውር ነበር። ሙሉእመቤት ወደ ቁስቋም የሚወጣ አንድ የደከመው ሽማግሌ ተቀምጦ ሲያዳምጥ ታያትና ደስ አላት።

«ሁለታችሁ ሂዱ። በዕድሜ የገፉ ሰው ይሁኑ። በትሕትና ለምኗቸው።»

ትሕትናው ከበር ውጭ ምን እንደሆነ አላየችም። የሰማችው የቡርቱካንን ጩኸት ነው። «በሕግ አምላክ! አንድ እርምጃ እንዳይራመዱ!»

ሲመለሱ መሃላቸው የነበሩት ሰው ግራጫ ሙሉ ልብስና ባርኔጣ ያደረጉ፣ በእጃቸው የቆዳ ቦርሳ የያዙ፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ የሆነ ጎልማሳ ናቸው።

«መኪናዬ ታች ጭቃ ይዟት ነው እንጂ...» አሉ እያለከለኩ። «እኔ የምሄድበት ሥራ አለኝ!»

«እንዲህ ነው የሚሉት፣ እትዬ፣» አለች ቡርቱካን። «ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ናቸው ያሳፈሯቸው። ‹ባርኔጣ አድርጎ ዳኝነት የሚሸሽ!› ብለው።»

«ዳኛ ከዳኝነት የሚበልጥ ምን ሥራ አለው?» አለ ቶለሳ፤ ወንበሩንም በክርኑ ጠርጎ አቀረበ።

ሰውዬው ስልሳ ሁለት ጥንድ ዓይን አዩና ተቀመጡ። ቶለሳ ደብተሩን ገለጠ።

«ለመዝገብ ነው። ስምዎን?»

«ባጫ ነገራ።»

ሙሉእመቤት በእጇ የያዘችውን ጠመኔ ኪሷ ከተተችው። ለምን እንደከተተችው አታውቅም።

«መምህርቷ እርስዎ ነዎት?» አሉ አቶ ባጫ ዞር ብለው።

«አዎን፣ ጌታዬ።»

«የምን ክፍለ ጊዜ ነው ይኼ?»

«የአሜሪካ ታሪክ ነው።»

«በአማርኛ?»

«ባለጉዳዮቹ አስተርጓሚ የላቸውም» አለች። ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠችው።

አቶ ባጫ ሊናገሩ ሲሉ ቶለሳ እጁን አወጣ። «ክቡር ዳኛ፣ በችሎት ውስጥ ጥያቄ ለተሟጋች ነው። መምህራችን ታዳሚ ናቸው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ባጫ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ቀጥሉ» አሉ፤ የሚያስፈራ «ቀጥሉ» ነበር።

ቡርቱካን የተዋሰችውን ነጠላ አደግድጋ ወደ ፊት ወጣችና ማስመሪያዋን እንደ ዘንግ ዘረጋች። «ተጠየቅ!» አለች። ድምጿ ቀጠነ። አቶ ባጫ ፊታቸውን አጨማደዱ።

«እንዲህ አይቆምም!» አሉ። «ግራ እግርሽን አስቀድሚ። ዘንጉን ወደ ዳኛው ሳይሆን ወደ ባላጋራሽ። ድምፅ ከሆድ ነው የሚወጣው።» ተነስተው ራሳቸው ቆመው አሳዩ፤ ማስመሪያው በእጃቸው ውስጥ አፏጨ። ከዚያ ያደረጉት የገባቸው ይመስል ቶሎ ተቀመጡ። ሙሉእመቤት ግን አይታለች። ይህን አቋቋም ከመጽሐፍ የተማረው ሰው የለም።

ቡርቱካን ግራ እግሯን አስቀደመች።

«ውሃው ከምንጬ ነው፣ እንጨቱም ከደጄ፣
ፈልቶ የሚቀዳው በገዛ በእጄ፤
ባሕር ማዶ ሆኖ ፊቴን ሳላሳየው፣
ከሻዬ ላይ ቀረጥ በማን ዳኝነት ነው?»

«ተጠየቂ!» አለ ቶለሳ። ባዘቶው አፍንጫው ላይ ስለወረደ አንዴ አነጠሰ። «ጠላት ሲመጣብሽ ወታደር ልኮ ያዳነሽ ማን ነው? ጠባቂ ነፋስ በልቶ ይኖራል?»

«ጠባቂ ከሆነ ጠይቆ ይቀበል። ‹ጠባቂሽ ነኝ› እያለ ጓዳዬ ገብቶ መሶቤን ከሚከፍትብኝ ጅብ ይሻለኛል። ጅብ ቢያንስ ጠባቂ ነኝ አይልም!»

በመስኮቱ በኩል ሳቅ ተሰማ። ጋሽ ቱሉ ከማንደጃው ተነስቶ መጥቷል፤ ከበስተኋላው የፈትል ድውሩን የተሸከመ ሸማኔና ሁለት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች አንገታቸውን አስግገዋል። ቡርቱካን ሰው ሲበዛ ባሰባት።

«ንጉሥ ይሙት፣ ቤሳ አልከፍልም!»

«ይመዝገብልኝ!» አለ ቶለሳ ዘሎ። «ተከሳሹ ንጉሥ ናቸው! ከሳሽ በተከሳሹ ሞት ትምላለች?»

አቶ ባጫ ወደ በሩ አዩ፤ ወደ መስኮቱ አዩ። «ሌላ መሐላ ፈልጊ፣ ልጄ» አሉ ዝግ ብለው።

«በምን ልማል ታዲያ?»

«በሻይሽ ማይ። በሻይሽ!»

ሙግቱ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ከሦስት ሳምንቱ እንግሊዝኛ ይልቅ በነዚያ ሃያ ደቂቃዎች ብዙ ነገር ተነገረ፤ ቴምብሩም፣ ወታደሩም፣ ምክር ቤት ውስጥ ወንበር ማጣቱም። እንደ ድሮ ተሟጋቾች ቶለሳ በማር ተወራረደ፣ ቡርቱካን በበቅሎ። በመጨረሻ ሁለቱም ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና «ፍርድ ይሰጠን» አሉ።

አቶ ባጫ የባርኔጣቸውን ጠርዝ ይዳብሱ ጀመር። የገቡበት ነገር ለሙሉእመቤት የተገለጠላት ያን ጊዜ ነው። ለባላገሩ ቢፈርዱ፣ በመስኮት በቆመ ሕዝብ ፊት በንጉሥ ላይ የፈረዱ የመንግሥት ሠራተኛ ሊሆኑ ነው። ለንጉሡ ቢፈርዱ፣ ሰኞ የሚመጣው ፈተና የሚፈልገውን መልስ ስሕተት ሊያደርጉት ነው። ከሁለቱም ቢያመልጡ ደግሞ እዚህ ጣጣ ውስጥ የከተተቻቸው መምህርት ጥግ ላይ ቆማለች።

«ጉዳዩ ምርመራ ስለሚያሻው፣» አሉ አቶ ባጫ፣ «ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል።»

«ቀጠሮ ሰጡ?» አለ ጋሽ ቱሉ ከመስኮቱ። «እንግዲያ እውነተኛ ዳኛ ናቸው!»

«ፈተናው እኮ ሰኞ ነው!» ብለው ልጆቹ ጮኹ።

አቶ ባጫ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ስሙ። ንጉሡ አልበደሉም። በደሉን አልሰሙም። ባሕር ማዶ ያለ ሰው የሚያውቀው የተጻፈለትን ነው። ጥፋቱ የሹማምንቱ ነው፤ ያዩትን ትተው ጌታቸውን ደስ የሚያሰኘውን ጽፈው ላኩ። ባላገሩ እውነት አለው፤ ንጉሡም ክብር አላቸው። የሻዩን ዋጋ ሹማምንቱ ይክፈሉ!»

«ውይ፣ እንዴት ያለ ፍርድ ነው!» አለች አንዷ እንጨት ተሸካሚ፤ ሸማኔውም ራሱን ነቀነቀ። አቶ ባጫ እፎይ ብለው ባርኔጣቸውን አነሡ።

«ፍርዱን ተቀብያለሁ፣ ክቡር ዳኛ፣» አለች ቡርቱካን። «አንድ ነገር ብቻ ይብራራልኝ። ሹም ምን ነበር መጻፍ የነበረበት?»

«ያየውን ነዋ።»

«ሳይጨምር?»

«ሳይጨምር።»

«ሳይቀንስም?»

«ሳይቀንስም!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት።

«ተመዝግቧል» አለ ቶለሳ።

ደወል ተደወለ። ልጆቹ ሲወጡ ሙሉእመቤት ቡርቱካንን በነጠላዋ ጫፍ ያዘቻት።

«ማን እንደሆኑ ታውቂ ነበር?» አለች በሹክሹክታ።

«እኔ?» አለች ቡርቱካን። «ሦስት ሽማግሌ አሳልፈናል። ለዚህ ጭቃ የማይሆን ጫማ አድርጎ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ወደዚህ ትምህርት ቤት የሚወጣ ሰው ሌላ ማን ሊሆን ነው፣ እትዬ?» ብላ በእጇ ሥር ሾልካ ሄደች።

ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። አቶ ባጫ ከቦርሳቸው የታተመ ቅጽ አወጡና ብዕራቸውን ከፈቱ።

«መጽሐፍ፣» አሉ። «እዚህ ላይ ሁልጊዜ ‹በቂ› ብዬ ነው የምጽፈው። ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ።»

«ለስንት ልጅ?»

«ለስልሳ ሁለት።»

ጻፉት። በቋንቋው ረድፍ «አማርኛ» ሞሉ፤ ሰረዝ አድርገው «ከደንብ ውጭ» ጨመሩ። ሙሉእመቤት የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቀጥለው «ተማሪዎቹ ትምህርቱ ገብቷቸዋል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ብለው ጻፉ።

«የትምህርት መርጃ መሣሪያስ?»

«ባዘቶ፣ ጌታዬ። የሻይ ሣጥን።»

«ሌላ?»

ሙሉእመቤት ወለሉን አየች። «ሌላው... እርስዎ ነዎት።»

አቶ ባጫ ብዕራቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና ረዘም ያለ ነገር ጻፉ። የመጨረሻውን ረድፍ፣ «ትጽና» ወይም «ትሰናበት» የሚባልበትን፣ ባዶ ተዉት። ቅጹን ወደሷ ገፉት።

«ያንብቡት። እውነት ከሆነ ከታች ይፈርሙ። የቀረውን ከዚያ እሞላለሁ።»

አነበበች። ሁሉም ትክክል ነው። መርጃ መሣሪያ የሚለው ላይ ስትደርስ ግን «ተቆጣጣሪው በመንገድ ላይ ሳሉ በተማሪዎች ተጋብዘው፣ በፈቃዳቸው ዳኛ ሆነዋል» ይላል።

ልትፈርም ብዕሩን አነሣች። ባዶውን ረድፍ አየችው። አንዲት ፊርማ ናት፤ ማንም አይጠይቃትም። መልሳ አስቀመጠችው።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህች ጋ ትንሽ ቀንሰዋል።»

«የቱ ጋ?»

«‹በፈቃዳቸው› የሚለው ጋ።»

የአቶ ባጫ ፊት ቀላ። ቅጹን ነጠቋት፤ የሚቀድዱት መሰላት። ወደ መስኮቱ ዞረው ቆሙ፤ ጀርባቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሙሉእመቤት ውሃ ልታመጣላቸው ተነሣች፤ እየሳቁ መሆናቸው የገባት ከዚያ በኋላ ነው። ዓይናቸውን በመሐረብ ጠርገው ተቀመጡ። «በፈቃዳቸው» የሚለውን ሰርዘው ከበላዩ «ተይዘው» ብለው ጻፉበት። ባዶውን ረድፍም ሞሉት፤ ብዕሩ ወረቀቱን እስኪወጋው ድረስ ተጭነው፣ «ትጽና»።

«አሁንስ?» አሉ።

ሙሉእመቤት ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ደግማ አነበበችና ፈረመች።