የኡስታዝ ፈዋዝ ቀኝ እጅ

የ«ዝግ በር» ጌም ሁለተኛው ክፍል የወጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ በዮርዳኖሷ ኢርቢድ ከተማ የዩኒቨርሲቲው ጎዳና ላይ ከተደረደሩት ጌም ቤቶች በአንዱም ዒላማውን በትክክል የሚመታ ሰው አልነበረም፤ እየሳቁ መተኮስ አይቻልማ።

ሱንዱስ የመጀመሪያውን ክፍል አራት ዓመት ተጫውታዋለች። አራት ለአራት ሆነው ቤት ለቤት እየተፈላለጉ የሚታኮሱበት ጌም ነው። ሩጫ አያዋጣም፤ ትዕግሥትና ጆሮ ይፈልጋል። ትዕግሥት የላትም፣ ጆሮ ግን አላት። የሲቪል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስለሆነች ደግሞ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያናድዳት ነበር፤ በአሮጌው ጌም ግድግዳው አርባ ጥይት ጠጥቶም ንቅንቅ አይልም። በአዲሱ ይፈርሳል። ያውም እንደ ደንቡ፣ መጀመሪያ ልስኑ ረግፎ፣ ቀጥሎ ብሎኬቱ ተሰንጥቆ። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ማንንም ሳትመታ ግድግዳ በማፍረስ አሳለፈችው። አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ራኒም ጠላት ከኋላሽ ቆሟል ብትላት፣ ይጠብቅ፣ ምሰሶውን ልይ አለቻት።

የቆሰለ ጓድን ትከሻ ላይ አድርጎ መሸሽም በአዲሱ ተፈቅዷል። ሌላ አገር ጥሩ ሐሳብ ሳይሆን አይቀርም። ኢርቢድ ውስጥ ግን አንድ ሰው በቆሰለ ቁጥር ሦስቱ ጓዶቹ ከያሉበት ይሮጡና፣ ቃሬዛ ለመሸከም እንደሚሻሙ ለቀስተኞች «በአላህ ተውልኝ፣ እኔ ልያዘው» እየተባባሉ ይጓተቱበታል። ሰውየው ገና አልሞተም። አንዲት ቦምብ ትመጣና አራቱንም ትገላግላቸዋለች።

ከሁሉ ሰውን ያሳበደው ግን ድምፅ ነው። ድሮ በማይክ የምታወራውን የሚሰማው የራስህ ቡድን ብቻ ነበር። አሁን ጌሙ ውስጥ አጠገብህ ያለ ሁሉ ይሰማሃል፣ ጠላትም ቢሆን። ራቅ ካልክ ድምፅህ ይደክማል፤ በግራው በኩል ከሆንክ በግራ ጆሮው ትገባለህ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተደበቅክ ታፍነህ ትሰማለህ።

ይህ ምን እንደሚያመጣ መጀመሪያ ያየችው ሱንዱስ ናት፤ አስባበት ግን አይደለም። ከቡድኗ እሷ ብቻ ቀርታ፣ አንዱን ጨለማ ክፍል ከፍታ ስትገባ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚገባ ማንኛውም ሰው «ሰላም አለይኩም» አለች። ከአልጋው ሥር አንድ ድምፅ፣ ከበርሜሉ ጀርባ ሌላ ድምፅ «ወአለይኩም ሰላም» ብለው መለሱላት። ሁለቱንም መታቻቸው። ከጌም ቤቱ ማዶ የተቀመጠው ባለ በርሜሉ ማዳመጫውን አውልቆ ተነሣ።

«ሰላምታሽን እየመለስኩልሽ እኮ ነው የመታሽኝ።»

«ሰማሁህ» አለችው ሱንዱስ። «ከየት እንደሆነም ሰማሁ።»

አሥር ሰዓት ሳይሞላ ወሬው ጎዳናውን አዳርሶት ነበር። የገባ ሁሉ ሰላም ይላል፣ የተደበቀ ሁሉ ይመልሳል፣ የመለሰ ሁሉ ይሞታል። አንዱ በልቤ እመልሳለሁ ብሎ ነበር፤ ልቡ በአፉ በኩል ወጣበት። የአንዱ አጎት ኢማም ነውና ሰላምታ ጌም ውስጥም መመለሱ ግዴታ ነው ወይ ተብሎ ተደወለለት። ጥያቄው እስኪገባው ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ ሲገባው ደግሞ ሳቁ አላስጨርስ ብሎት ስልኩን ዘጋው። ማይክ መዝጋትም መፍትሔ አልሆነም፤ ሐሙስ ዋና ከተማው አማን ላይ በሚደረገው የመላ አገሪቱ ውድድር ማይኩን የዘጋ ዙሩን ይሸነፋል የሚል ደንብ ወጥቷል።

ሱንዱስ የምትፈልገው ያንን ሐሙስ ነው። የጌም ቤቱ ባለቤት አቡ ገይስ ወደ አማን የሚልከው ቡድን አራት ወንበር አለው፤ ሦስቱ ተይዘዋል። ባለፈው ዓመት እሷ ተጠባባቂ ተብላ ሄዳ ነበር። አራት ሰዓት ሙሉ የሌሎቹን ቦርሳ ጭኗ ላይ ከምራ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ማንም አልታመመም፣ ማንም አልደከመም፣ ሽንት ቤት እንኳ የሄደ የለም። ሁለተኛ እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም ብላ በአውቶቡሱ ውስጥ ለራሷ ምላለች። አራተኛውን ወንበር ግን የሚፈልግ ሌላ ሰው አለ፤ አቡ ገይስም ረቡዕ ከሰዓት እዚሁ ተጋጥማችሁ ያሸነፈ ይሂድ ብሎ ቆረጠ።

ሌላው ሰው ኡስታዝ ፈዋዝ ናቸው። ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ የሱንዱስን አባት ጨምሮ የከተማዋን እኩሌታ ወንድ የዮርዳኖስን ወንዝ ገባሮች በቃል ያስጠኑ ሰው ናቸው። ጡረታው ሲሰለቻቸው የልጅ ልጃቸውን ጌም ቤት ሊፈልጉ መጥተው በዚያው ቀሩ፤ የልጅ ልጃቸው አፍሮ መምጣት ተወ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ መሐረባቸውን በአራት አጥፈው ኪቦርዱ አጠገብ አኑረው ይጫወታሉ። የአንድን ቤት ካርታ አንድ ጊዜ ካዩት አይሳሳቱም። እጃቸው ቀርፋፋ ነው፤ ግን ሁሌም አንተ ከመድረስህ በፊት እዚያ ቆመው ታገኛቸዋለህ።

ረቡዕ ዕለት ከውጭ የበረሃ አቧራ ሰማዩን ቢጫ አድርጎታል። ውስጥ አርባ የሚሆን ሰው ከሁለቱ ተጫዋቾች ጀርባ ተደርድሯል፣ እኩሉ ሳንድዊች ይዞ። ሱንዱስና ኡስታዝ ሦስት ወንበር ተራርቀው፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። ባለ ሰባት ክፍል ቤት፣ አንድ ለአንድ፣ አንዱ ገቢ አንዱ ተደብቆ ጠባቂ፤ ሁለት ዙር የቀደመ ያሸንፋል።

በመጀመሪያው ዙር ገቢዋ ሱንዱስ ነበረች። ይሉኝታ ብሎ ነገር አልያዛትም። በሩን ከፍታ፣ ድምፅዋን አሳምራ፣ «ሰላም አለይኩም፣ ኡስታዝ» አለች።

ከማድቤቱ በኩል ሙሉው መልስ መጣ፣ ምሕረቱም በረከቱም ሳይቀር፤ በዚያ ላይ «አባትሽ ደህና ነው?» ተጨመረበት። ከጀርባ የቆሙት የኡስታዝ ቀኝ እጅ፣ ሰላምታ ሲመልሱ እንደ ልማዳቸው፣ ማውሱን ለቆ ደረታቸው ላይ ሲያርፍ አዩ። ሱንዱስ ያየችው ምድጃው አጠገብ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ የቆመ ወታደር ነው።

«ደህና ነው፣ ይመስገን» አለችና መታቻቸው።

አቡ ገይስ ጎንበስ ብሎ፣ ኡስታዝ፣ ለዛሬ እንኳ በልብዎ ቢመልሱ ምን አለበት አላቸው። ኡስታዝ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ።

«አርባ ዓመት ሙሉ ጮክ ብላችሁ መልሱ እያልኩ ስገስጽ ኖሬ፣ አሁን ለአንድ ወንበር ብዬ አላንሾካሹክም፣ ልጄ።»

በሁለተኛው ዙር ገቢው እሳቸው ሆኑ። ሱንዱስ ላይኛው ፎቅ መኝታ ክፍል ገብታ በሩን ቆለፈች። ሰላም ቢሉም እንዳትመልስ ከንፈሯን ነክሳ ይዛለች። ኡስታዝ ግን ሰላም አላሉም። እርምጃቸው ደረጃውን ወጣ፣ ኮሪደሩን አለፈ፣ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በሩ ተንኳኳ። በአዲሱ ጌም በር ማንኳኳት እንደሚቻል ሁሉም ያውቃል፣ ለምን እንደሚጠቅም ግን እስካሁን የገባው አልነበረም። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ ጎረቤት ሳህን ልትመልስ ስትመጣ እንደምታንኳኳው።

«ማነው?» አለች ሱንዱስ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው። የሚመለስ ነገር አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አሉ ኡስታዝ፣ በሩንም እሷንም አንድ ላይ ጣሏቸው።

ከጀርባ ሰው በሰው ላይ ተደገፈ። ራኒም የጠጣችውን ሻይ በአፍንጫዋ አወጣችው። ባለ በርሜሉ ሰውዬ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ይመታል። ሱንዱስ ፊቷ ቀልቶ ቦርሳዋን ከፈተች፣ የሥዕል እርሳሷን አወጣችና እንደ ልጓም በጥርሷ አግድም ነከሰችው። ሰላም ቢሏት፣ ቢያንኳኩ፣ አባቷን ቢጠይቁ፣ ሀገር ቢቃጠል አትናገርም። ይሄኛው ዙር የሐሙሱ ወንበር ነው። ከተሸነፈች ፕላስቲኩ ነው፣ ከነቦርሳዎቹ።

በሦስተኛው ዙር ገቢ የለም፣ ጠባቂ የለም፤ ሁለቱም ቤቱ ውስጥ ይጀምራሉ። አምስት ደቂቃ ተሰጣቸው። ሱንዱስ ላይኛው ፎቅ የልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባች። በበሩ ስንጥቅ ክፍሉን ታያለች፤ በግራዋ በኩል ያለው ግድግዳ ከደረጃው የሚለያት ስስ የብሎኬት ግድግዳ ነው። ሦስት ጥይት ለልስኑ፣ ሁለት ለብሎኬቱ። ሰኞ ዕለት ቆጥራዋለች። ራኒም የሳቀችባት ያ የግድግዳ ማፍረስ ዛሬ ሊክሳት ነው።

ኡስታዝ አንድ ቦታ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ። ወለሉ ይንቋቋል፣ ዝም ይላል። አራት ደቂቃ አለቀ። ከጀርባ የሚያኝክ እንኳ የለም። ሱንዱስ የእርሳሱ እንጨት ጥርሷ ሥር ሲሰነጠቅ ይሰማታል።

ኡስታዝ ፈዋዝ አስነጠሱ።

ትልቅ ማስነጠስ ነበር። ሱንዱስ ሁለት ጊዜ ሰማችው፤ አንዴ ከጀርባዋ፣ አንዴ በግራ ጆሮዋ፣ ከደረጃው መሐል፣ ከግድግዳው ማዶ። ወዲያው አስከትለው «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ከዚያ ቆሙ። እየጠበቁ።

ከጀርባ አርባ ሰው አፉን በእጁ ይዟል። እነሱ ተመልካች ናቸው፣ አቡ ገይስ ድምፅ ያሰማ ይወጣል ብሏል፣ ደግሞም ቤቱ ውስጥ የሉም። ሰባት ክፍል ባለው ቤት ውስጥ ኡስታዝ ሲያስነጥሱ የሰማች አንዲት ሰው ብቻ ናት። ሱንዱስ የት እንደቆሙ ታውቃለች። በመሐላቸው ያለው አምስት ጥይት የሚያፈርሰው ግድግዳ ብቻ ነው። ጣቷ ማውሱ ላይ ነው። መተኮስ ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። አንድ ሰከንድ አለፈ። የአባቷ አስተማሪ ናቸው፣ አስነጥሰው ቆመዋል፣ የመለሰላቸው የለም። ሁለተኛው ሰከንድ አለፈ። ጆሮዋ ሥር የሆነ ነገር ማሳከክ ጀመራት፣ ከዚያ ምላሷ፣ ከዚያ ጉሮሮዋ።

እርሳሱ ኪቦርዱ ላይ ወደቀ።

«ይማርዎት፣ ኡስታዝ።»

ድምፅዋ ታፍኖ ከቁም ሣጥኑ ወጣ። የኡስታዝ ወታደር ከደረጃው ብቅ አለ፣ ክፍሉ ውስጥ ገባ፣ አፈሙዙን ቀጥ አድርጎ ቁም ሣጥኑ በር ላይ ደገነ። ሱንዱስ በስንጥቁ በኩል የአፈሙዙን ቀዳዳ አየችው። አለቀ፣ ፕላስቲኩ ወንበር፣ ቦርሳዎቹ፣ አራት ሰዓት።

«ያኑርሽ፣ ልጄ» አሉ ኡስታዝ።

ቀኝ እጃቸውም ተነሥቶ ደረታቸው ላይ አረፈ።

ወታደሩ ቆመ። ደግኖ፣ ሳይተኩስ፣ እንደ ፎቶ። ሱንዱስ በቁም ሣጥኑ በር አሳልፋ ያላትን ሁሉ ለቀቀችበት።

ጌም ቤቱ የፈረሰ መሰለ። ሳንድዊች በአየር ላይ ሄደ፣ ራኒም ወንበር ላይ ወጣች፣ አቡ ገይስ የማያውቀውን ሰው አቅፎ ይስማል። ሱንዱስ ግን ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ ጥላ ቀጥ ብላ ወደ ኡስታዝ ሄደች። የተለቀቀላት ወንበር ከሆነ አትፈልገውም።

«ለቀቁልኝ እንዴ?»

ኡስታዝ ፈዋዝ በሕይወታቸው እንዲህ ተሰድበው አያውቁም። በአራት የታጠፈውን መሐረብ ከኪቦርዱ አጠገብ አነሡና እጥፉን አንድ በአንድ ገለጡት። መሐሉ ላይ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ነበረበት።

«ከባለቤቴ ማድቤት ዛሬ ጠዋት ነው የሰረቅሁት» አሉ። «ማስነጠሱ የእውነት ነው፣ ምስጋናውም የእውነት ነው። ሰዓቱን ብቻ ነው የመረጥኩት። የማን ልጅ እንደሆንሽ አውቃለሁ፣ ሳትመልሺ እንደማትቀሪ አውቅ ነበር። ሁሉን አስቤ ነበር።» ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው፣ የቤት ሥራውን ሳይሠራ እንደመጣ ተማሪ ትክ ብለው አዩት። «ይሄን ብቻ ረሳሁ።»

ሱንዱስ ሳቋን መያዝ አቃታት። ማሸነፏ ደግሞ ያኔ ነው በደንብ የገባት፣ ከእግሯ ጀምሮ። መሐረቡን ከእጃቸው ወስዳ፣ ሐሙስ ያስፈልገኛል አለቻቸው። እሳቸውም ቁንዶ በርበሬ እንዲሁ የሚነሰነስ ነገር መሰለሽ ወይ፣ መጠን አለው፣ ሰዓት አለው፣ የሚያስተምርሽ ሰው ያስፈልጋል ብለው፣ አውቶቡሱ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ አቡ ገይስን ጠየቁት። ከማለዳው አንድ ሰዓት ነው። ተጠባባቂ ቦታም አለ።

«ወንበሩ ፕላስቲክ ነው» አለቻቸው ሱንዱስ። «ትራስ ይያዙ። ቦርሳ ደግሞ ይበዛል።»

ይህን እያለች መሐረቡን ስታጣጥፍ ብናኙ ወደ አፍንጫዋ ሄደና አስነጠሰች። «አልሐምዱሊላህ» አለች።

አርባውም ሰው በአንድ ድምፅ «ይማርሽ» አላት። በኋለኛው ረድፍ በየፊናቸው ተደብቀው ይጫወቱ የነበሩ ሁለት ሰዎችም ጌማቸውን ሳያቋርጡ አብረው መለሱላት፤ ወዲያውም ሁለቱም ተመቱ።