የራስን ታርጋ በራስ እጅ

ሚስማር ይሏታል። ፊት ለፊት «እትዬ» ነው፤ ዞር ስትል «ሚስማር» ነው። እሷም ታውቃለች። «ሚስማር ባይኖር ጣሪያችሁን ማን ይይዘው ነበር?» ትላለች፤ በዚሁ ያበቃል።

ሥራዋ በባለሸራ ጀልባ ውድድር ቀን ሰው እንዳይሰምጥ ማሰብ ነው። ሌላው ስለ ዋንጫ ሲያወራ እሷ ስለ ሬሳ ታስባለች። ውሃ ዳር ቆሞ ስለ መስመጥ የሚያወራን ሰው ማን ይወዳል? ማንም። ግን ማሰቢያው ጊዜ ውሃው ዳር ሳሉ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የተባለው ለጨዋታ አይደለም።

ከጀልባ ማቆያው በር አጠገብ ትልቅ የእንጨት ሰሌዳ አቁማለች፤ ሰሌዳው ሚስማር በሚስማር ነው። በየሚስማሩ ላይ በክር የታሰረ ቁጥር ያለው ቆርቆሮ ተንጠልጥሏል፤ ተወዳዳሪዎቹ ታርጋ ይሉታል። ወደ ውሃ የሚገባ ሰው ታርጋውን አውርዶ አንገቱ ላይ ያጠልቃል፤ ሲመለስ በገዛ እጁ ይሰቅለዋል። ባዶ ሚስማር ካለ ውሃው ላይ ሰው ቀርቷል፤ ፍለጋ አይቆምም። ሰሌዳው ከሞላ ሁሉም ገብቷል። ፊደል ያልቆጠረም ያነበዋል።

ሌላም ደንብ አላት። ማዕበሉ የጀልባ ማቆያውን የድንጋይ መግቢያ አልፎ መፍረስ ከጀመረ ጥቁር ባንዲራ ይወጣል፤ ጥቁር ባንዲራ ከወጣ አንድም ጀልባ፣ የነፍስ አድኖቹ ጭምር፣ ንቅንቅ አይልም። ይህን ያለችው ለውድድሩ ሲመካከሩ ነው። የጥርስ ሐኪም የሆነው የክለቡ ሊቀመንበር እስክሪብቶውን እያሽከረከረ፣

«ውሃ ላይ የቀረ ሰው ቢኖርስ?» አላት።

«በመሬት ዞረን እንፈልጋለን። ማዕበሉን የሚያስነሣው ነፋስ የያዘውን ሁሉ የሚያራግፈው ማዶ ሸምበቆው ውስጥ ነው። አንድ ሰው ለመፈለግ ሦስት ሰው አልጨምርም።»

«እናቱ ብታለቅስስ?»

«የማንም እናት ብታለቅስ።»

«ኧረ አንቺ ሴት አንጀት የለሽም!»

«አለኝ። ሞተር አልነዳበትም እንጂ።»

ተሳሳቁ። ደንቡም በሳቅ አለፈ።

በውድድሩ ቀን ሴት ልጇ ከአዲሱ ባሏ ጋር በአንድ ጀልባ ገባች። ሙሽሮች ናቸው፤ ሸራ ሲስቡ እንኳ ይሽኮረመማሉ። ጠዋት ሐይቁ እንደ መስታወት ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን ከተራራው በኩል ጥቁር ነገር ተነሣና ሰው ቀና ብሎ ሳይጨርስ ደረሰ። ነጫጮቹ ሸራዎች በጥፊ እንደተመታ የእሳት ራት አንድ በአንድ ውሃው ላይ ተለጠፉ።

ሁለቱ የነፍስ አድን ጀልባዎች ወጡ። ሰዉን ያዝ፣ ጀልባውን ተው፣ ነው ትእዛዙ። ይሄዳሉ፣ ይመጣሉ፤ ውሃ የጠጣ፣ የሚያስመልሰው፣ ጫማው የጠፋበት፣ ሁሉም እየተንቀጠቀጠ ታርጋውን ይሰቅላል። በመጨረሻው ጉዞ የሁለተኛዋ ጀልባ ሞተር ውሃ ገብቶበት ሞተ፤ አንደኛዋ ጎትታ አስገባቻት።

ሚስማር በጣቷ እየነካች ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። የልጇ ታርጋ ከባሏ ታርጋ ጎን ውሃ እያንጠባጠበ ተሰቅሏል። 

«ሞልቷል» አለችው ሊቀመንበሩን።

ጥቁሩ ባንዲራ ወጣ። በድምፅ ማጉያ ሁሉም መግባቱ ተነገረ፤ ሰዉ አጨበጨበ።

ሚስማር ልጇን ፍለጋ ሄደች። ልታቅፋት እንዳይመስላችሁ፤ እናቷን ሳታይ ልብስ ልትቀይር በመሄዷ ልትሰድባት ነው። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ያሉት ሴቶች አላየናትም አሏት። አማችዋ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ግድግዳ ተደግፏል፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል።

«ሚስትህስ?»

«ውስጥ ናት፣ እማማ። ማዕበሉ ለያይቶን ነበር፤ እኔን አንደኛዋ ጀልባ ስታወጣኝ ሁለተኛዋ ወደሷ ስትሄድ አይቻለሁ።»

«ሁለተኛዋ ያወጣችው ሁለት ወንድማማቾችን ነው።»

 የተከናነበው ብርድ ልብስ ከትከሻው ተንሸራተተ።

«ታርጋዋን ማን ሰቀለው?»

«እኔ።»

«አንተ?»

«አንገቴን ይፈትገኛል ስትል... ሁሌም እኔ ነኝ የምይዝላት። እጄ ደንዝዞ ነበር፣ ሁለቱንም ባንዴ... ሳላስበው፣ እማማ...»

ለፍቅሩ ብሎ ነው። ሚስቱን አንገቷን እንዳያሳክካት ብሎ። እያሳሳቀ የሚወስደው ውሃ ብቻ አይደለም።

ሚስማር አልጮኸችም። ወደ ሰሌዳው ተመልሳ የልጇን ታርጋ ከሚስማሩ አወረደችው። ባዶውን ሚስማር ያየ ሁሉ ወደ ሰሌዳው ተጠጋ።

የአንደኛዋ የነፍስ አድን ጀልባ ነጂ ያወለቀውን ካፖርት መልሶ ለበሰ። የሦስት ልጆች አባት ነው። «እትዬ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። ረዳቶቼም እሺ ብለዋል።»

ባንዲራው ሲወጣ የተቀበለችው የሞተሩ ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው። ወደ መግቢያው አየች። ማዕበሉ ድንጋዩ ላይ እየወጣ ነጭ ሆኖ ይፈርሳል፤ በዚያ በኩል የወጣች ጀልባ ሆዷን ወደ ሰማይ አድርጋ ነው የምትመለሰው።

«ስጪው!» አለ አማችዋ። እርስዎ ሲላት የኖረው ሰውዬ ባንዴ አንቺ አላት። «ስጪው እንጂ! ልጅሽ ናት!»

«ልጄ መሆኗን አንተ ልትነግረኝ ነው?»

እጇ ሳታዘው ወደ አንገቷ ሄደ። ቁልፉን ጨበጠች። ክሩንም ከአንገቷ አወጣች። ነጂው መዳፉን ዘረጋ። ነፋሱ ጣሪያውን ያንኳኳል።

ቁልፉን ሊቀመንበሩ እጅ ውስጥ ጣለችው።

«ያዝልኝ። ብለምንህም እንዳትሰጠኝ።»

«ድንጋይ!» አላት አማችዋ። «ድንጋይ ነሽ!»

«ገመድ አምጡ» አለች። «ፒካፑን አስነሡ። ረጃጅሞቹ ከኔ ጋር። አንተም ተነሥ፤ ስድቡን መኪናው ላይ ትጨርሰዋለህ።»

በጭቃው መንገድ ሐይቁን ዞረው ማዶ ደረሱ። ሸምበቆው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ነፋሱ ሲመታው እንደ ብዙ ሕዝብ ያጉረመርማል። ገመዱን ወገባቸው ላይ አስረው በአንድ ረድፍ ገቡ፤ ውሃው እስከ ጭን፣ ጭቃው እስከ ጉልበት። የሙሽሮቹን የተገለበጠች ጀልባ ቀድሞ ያገኘው ነጂው ነው። በእጁ ከሥሯ ዳበሰ። ሚስማር ዓይኗን ሳትነቅል አፈጠጠችበት።

«ባዶ ናት፣ እትዬ።»

አማችዋ የሚስቱን ስም እየጠራ ይጮህ ጀመር። ሌሎቹም አገዙት። ነፋሱ ጩኸታቸውን ከአፋቸው እየቀማ ወሰደው።

«ዝም በሉ!» አለች። አማችዋ አልሰማትም። ደርሳ መዳፏን አፉ ላይ ጫነችው። «ዝም በል፣ ልጄ። በየመንሳፈፊያው ሰደርያ ላይ ፊሽካ ያሰፋሁት ለምን ይመስልሃል? እስቲ ትናገር።»

ሸምበቆ ብቻ። ሸምበቆ። ከዚያ የወፍ ይሁን የምን የማይታወቅ ቀጭን ድምፅ፤ ተቋረጠ፤ እንደገና መጣ።

ነጂው «በግራ!» አለ።

ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ወገቧ ድረስ ጭቃ ውስጥ ተተክላ፣ የጀልባዋን ገመድ ቁራጭ ከእጇና ከሸምበቆው ጋር አስራ አገኟት። ፊሽካውን ከጥርሷ ለማስለቀቅ ባሏ ታገለ። ጎትተው ሲያወጧት ዓይኗ እናቷን ፈለገ።

«ጀልባ አልመጣም» አለች።

ሚስማር ውሸት አታውቅም። «እኔ ነኝ ያልላክሁት።»

«ጥቁሩን ባንዲራ አየሁት። ደንብሽን በእራት ሰዓት ስንቴ ሰምቼዋለሁ... ሸምበቆው ጋ ትመጫለሽ ብዬ ጀልባዋ ላይ ተንጠልጥዬ ነፋሱ እስኪያመጣኝ ጠበቅሁ።»

ባሏ ሚስቱን አቅፎ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። አማቱን ቀና ብሎ ማየት አቅቶታል። ሚስማር ግን መኪናው ጋ ሲደርሱ ብርድ ልብሱን ለሁለቱም አለበሰቻቸው። «ለልቅሶው መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ አለህ፤ አሁን እግሯን እሸው» አለችው።

ክለቡ ሲደርሱ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም ነበር። ሊቀመንበሩ ቁልፉን እንደ ጨበጠ ከሰሌዳው ፊት ቆሟል፤ ቁልፉ መዳፉ ላይ ታትሟል።

«ዞረሽ መጥተሽ ትለምኚኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር» አላት።

«እኔም» አለችው።

አማችዋ ታርጋውን ከሚስማር እጅ ተቀብሎ ለሚስቱ ሊሰቅልላት ተንጠራራ።

«እጅህን!»

እጁ እሳት እንደነካው ተመለሰ። ሚስማር ታርጋውን ከእሱ ወስዳ ልጇ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው፤ ወገቧንም ደግፋ ያዘች። ልጅቷ ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት፤ ክሩ ሚስማሩን ሳተ። እንደገና ሳተ። ሊያግዝ የተንቀሳቀሰ አልነበረም። በመጨረሻ ክሩ ገባ፤ ቆርቆሮው ከእንጨቱ ጋር ተጋጭቶ ቅጭል አለ።

ሚስማር ልጇን ለባሏ አስረከበች። ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በጣቷ ሄደችበት። ከዚያ ሰው እንዳያያት ከሰሌዳው ጀርባ ዞረች፤ የእርጥብ ገመድ ጥቅልል ላይ ተቀመጠችና እንደ ማንም እናት አለቀሰች።