በሕማማት ሰኞ የቀረበ ወተት

ወርቅአየሁ የሆቴሏን በር ቆለፈች፣ ከፈተች፣ ደግሞ ቆለፈች። የረሳችው ነገር የለም። ዳቦው ተጠቅልሏል፤ ለቱሪ ልጆች የተገዛው ብስኩት ፌስታል ውስጥ ነው፤ ውሃውም ተቀድቷል። እጇ ግን አላርፍ አላት።

«እታለም፣ የምንሄደው እዚሁ ኦዳ ነው እኮ» አለ ወንድሟ አብዮት፣ ፒካፑን እያስነሳ። «በሩን ካላመንሽው ነቅለን ከኋላ እንጫነው።»

«አፍህን ተውና መኪናህን ንዳ።»

ልጆቹ ሳቁ። ዐሥር ዓመት የሞላት ሊና መሃል ተቀምጣለች፤ ገና አራቱን የያዘው ማሙሽ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ አንገቱን በመስኮት ያወጣል፣ ያስገባል።

ቀኑ ሰኞ ነው። ኬንያ የፋሲካዋን ማግስት ስለምታከብር ትምህርት ቤቱም መሥሪያ ቤቱም ዝግ ነው። በዚያ ዓመት ግን የሐበሻው ፋሲካ ከነሱ በሳምንት ዘግይቶ ነበርና ለወርቅአየሁ ገና የሕማማት ሰኞ ነው። ወተትና ቅቤው ይቅርና የሰው ጉንጭ መሳም እንኳ የማይቻልበት ሳምንት። እንዲህ ባለ ቀን ልጆች ይዛ ሽርሽር መውጣቷን የንስሐ አባቷ ቢሰሙ ምን ይሏታል?

ታዲያ ለምን ወጣች? ቱሪ ስለጠራቻት ነዋ።

ቱሪ ከከተማው ወጣ ያለችው የኦዳ መንደር ሴት ናት፤ ቦረና፤ ወተት ሻጭ። ወርቅአየሁ ሙሽራ ሆና የኬንያዋ ሞያሌ ስትገባ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ከየትኛው ባለሱቅ ጋር መከራከር እንደሚያዋጣ ያሳየቻት እሷ ናት። ሊናን ስታምጥም ደግፋ የያዘቻት እሷው። ስንት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ወተቷን ይዛ ማድ ቤት ትገባና ሁለቱ ተቀምጠው ባሎቻቸውን ያማሉ።

አምና ድርቁ ሲበረታ ቱሪ አንድ ቀን ባዶ እጇን መጣች። ምሳ ሰዓት ነው፤ ሆቴሉ በሎሪ ሾፌር ተሞልቷል። ወተት ሳትይዝ መግባቱ አሳፍሯት ደጁ ላይ ቁጭ አለች። ወርቅአየሁ ከወጧ ቀና ሳትል «ለሷ የሚበላ ስጧት» አለች። አስተናጋጇ አዲስ ልጅ ናት፤ ቱሪን አታውቃትም። ለለማኝ እንደሚሰጠው ትርፍራፊ በፌስታል ቋጥራ፣ ሾፌሮቹ እያዩ ጭኗ ላይ ጣል አደረገችላት። ቱሪ ፌስታሉን መሬት አስቀመጠች፣ ልብሷን አራግፋ ተነሣች፣ ሄደች። ከዚያ ወዲህ እግሯ ሆቴሉን አልረገጠም። ወርቅአየሁ ሰው ብትልክ፣ ብትልክ፣ መልስ የለም።

ያለፈው ዓርብ ነው በድንገት መልእክቷ የደረሰው። «ላሜ ወልዳለች። ሰኞ ልጆቹን ይዛ ትምጣ፣ ወተት ይቅመሱ።» ሰኞ አይሆንልኝም ማለቱ ዳግመኛ ደጅ እንደማስቀመጥ መስሎ ታያትና እሺ አለች። እሺ ካለች ጀምሮ እንቅልፍ በዐይኗ አልዞረም።

መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ዝናቡ ዘንቦ ያ ሁሉ አመድ የነበረ ሜዳ አረንጓዴ ለብሷል፤ ግራሩ አብቧል፤ ቢራቢሮው መስታወቱ ላይ ይጋጫል። ልጆቹ «ያንን እዩ! ያንን እዩ!» ይላሉ። እሷ የምታየው የለም።

«እማ፣ ወተቱን ማን ነው የሚጠጣው?» አለች ሊና። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁዳዴን ሙሉውን የጾመች ልጅ ናት።

«ማሙሽ። ሕፃን አይጾምም። የዛሬ ጉሮሯችን እሱ ነው።»

«በዚህ ጉሮሮ ከሆነ አለቀልን» አለ አብዮት። «ቱሪ ከቀረች ወዲህ የፓኬት ወተት ለምዷል፤ ላም ፓኬት የምትወልድ ነው የሚመስለው።»

ሲደርሱ ቱሪ ከጎጆዋ ፊት ቆማ ነበር። ከስታለች። ወርቅአየሁን ስታይ ሁለት እጇን ዘርግታ መጣች። ወርቅአየሁም ሮጠች፤ ልትደርስ ስትል ቀጥ ብላ ቆመችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። የቱሪ እጆች አየር ላይ ቀሩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱ።

«ፈያ፣ ሃዳ ሊና?» አለች። ደኅና ነሽ ወይ፣ የሊና እናት፣ ማለቷ ነው። ድምጿ ግን ቀዝቅዟል።

ግራሩ ሥር ሰሌን ተነጠፈ። ማሙሽ ጥጃዋን ካልጋለብኩ ብሎ አብዮትን ያስለቅሳል፤ ሊና ከቱሪ ልጆች ጋር ትሯሯጣለች። ወርቅአየሁ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ዳቦውን ፈታች፣ መልሳ ቋጠረች። በመጨረሻ ቱሪ በጭስ የታጠነ የወተት ዕቃዋን፣ ጮጮዋን፣ አምጥታ ወተቱን በኩባያ ሞልታ አቀረበች። ልጆቿ መጥተው ተደርድረው ተቀመጡ፤ ዐይናቸው ኩባያው ላይ ነው።

«እነሱ ዛሬ ገና አልቀመሱም» አለች። «መጀመሪያ እንግዳ።»

«ማሙሽዬ! ና የኔ ጌታ፣ ና ቅመስ!» አለች ወርቅአየሁ።

ማሙሽ አሸተተው። «ጭስ ጭስ ይላል።»

«እሱ ነው ጥሩው። በል ጎንጨት አርግ።»

አንድ ጉንጭ ያዘ፤ ዐይኑ ፈጠጠ፤ ሰሌኑ ላይ ተፋው። «ወተት አይደለም ይሄ!»

«ማሙሽ፣ ከጠጣህ መኪናውን ትነዳለህ» አለ አብዮት።

«አልነዳም!» ብሎ ወደ ጥጃዋ በረረ።

ቱሪ ኩባያውን ወደ ሊና ዘረጋች። ሊና እናቷን አየች፣ ኩባያውን አየች፤ እጇ መነሣት ሲጀምር ወርቅአየሁ ሳታስበው ያዘቻት።

«እሷም አትፈልግም?» አለች ቱሪ። «ገባኝ። ስትመጪም አልሳምሽኝም። የድሃ ወተት ነው።»

«ጾም ነው፣ ቱሪ!» ወርቅአየሁ ጮኸች ማለት ይቻላል። «ሕማማት ነው! መሳም የለም፣ ወተት የለም። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«ውሸት! ጾማችሁን እኔ ነኝ የማላውቀው? ላሟ ከወለደች ቆየች። ያኔ ልጠራሽ ነበር፤ ጾም ላይ ናት ብዬ ተውኩ። ፓሳካ፣ ፋሲካችሁ፣ መቼ ነው ብዬ የልጆቼን መምህር ጠየቅሁ፣ እሑድ አለኝ። ትናንት ከተማ ወርጄ ከቤተ ክርስቲያን እየዘፈኑ ሲወጡ በዐይኔ አየሁ። ፓሳካ አልፏል። የምን ጾም ነው?»

ወርቅአየሁ አፏን ያዘች። ይቺ ሴት ቂም ይዛ ልትፈትናት የጠራቻት መስሏት ነበር። ለካ ቱሪ የጠራቻት የገዛ ልጆቿ ጎምዥተው እያዩ ጾሟን ልታስፈታት ነው።

«ያ የነሱ ነው» አለች ቀስ ብላ። «የኛ የሚመጣው እሑድ ነው።»

«ፓሳካ ሁለት ነው?»

«ዘንድሮ ሁለት ነው።»

ቱሪ ወደ አብዮት ዞረች። «ዱጋ?» እውነት ነው ወይ ማለቷ ነው። ራሱን ነቀነቀላት።

«አንድ ቀን ተስማምቶ መብላት አቃታችሁ?» አለች። ቀጥላ ሳቋ አመለጣት። «ግድ የለም፣ እኛ እስላሞቹም ለዒድ በጨረቃ እንጣላለን።» ኩባያውን ለልጆቿ ሰጠች፤ እየተነጣጠቁ ጠጡት።

«ቱሪ» አለች ወርቅአየሁ፣ «ያን ቀን ወጡ ይረር ብዬ መነሣት ነበረብኝ።»

ቱሪ የጮጮዋን ክዳን ገጠመች፣ ከፈተች፣ ገጠመች። «እሑድ ወተት አመጣለሁ» አለች ኋላ። «የምትቀበዪኝ ግን አንቺ ነሽ። ልጅ ከላክሽ ከነጮጮዬ እመለሳለሁ።»

«ልጅ አልልክም።»

ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲከብድ ተነሡ። ማሙሽ ከጥጃዋ አልለይም ብሎ እያለቀሰ ነው የተጫነው፤ ቱሪ ከኋላ «ወተቷን ተፍተህ ልጇን ወደድክ!» እያለች ትስቅበታለች።

ጭቃውን እንዳለፉ ወርቅአየሁ «አብዮት» አለች፣ «ለሾፌሮቹ ንገራቸው። እሑድ ሌላ ቦታ ይብሉ።»

«በፋሲካ? እንዲህ ያለ ገበያ በዓመት ስንቴ ይገኛል?»

«ንገራቸው አልኩህ። ወጥ አምጪ የሚለኝ ሰው አልፈልግም። እሑድ ከጠዋት ጀምሮ ደጅ ወጥቼ ነው የምጠብቃት።»