የውሃ ቢሉ ጀርባ

ንጹህ ወረቀት ያስፈራኛል። አርባ ዓመት ስጽፍ ኖሬ ዛሬም ነጭ ወረቀት ፊቴ ሲቀመጥ ሳያጠና ፈተና የገባ ተማሪ ነው የምመስለው። ስለዚህ የምጽፈው በተጻፈበት ጀርባ ላይ ነው፤ የተከፈለ የመብራት ቢል፣ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ብቻ ያገኘሁት ላይ ሁሉ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ይህን አመሌን ታውቅ ነበር። ቤት ስታጸዳ ማንኛውንም ወረቀት ገልብጣ ጀርባውን ሳታይ አትጥልም። «የአንተ ነገር፣ ቆሻሻውም ድርሰቱም አንድ ላይ ነው የሚያድረው» ትለኝ ነበር።

ካረፈች ሦስት ዓመቷ። አሁን ወረቀት የሚገለብጥልኝ ሰው የለም።

ልጄ አብራኝ ትኖራለች። ደግ ናት፤ ደግነቷ ግን ሁልጊዜ መወልወያ ይዞ ነው የሚመጣው። በየዓመቱ ለገና አንድ ጥቅል ነጭ ወረቀት ትገዛልኛለች፤ ሦስቱም ጥቅል ሳይከፈት መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ስሟ ሌላ ነው፤ ወረቀት ካገኘች ስለማትምር እኔ አይጢቱ እላታለሁ።

በገና ዋዜማ ጠዋት ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድፍረት መጣብኝ። ስለ ባለቤቴ ከምጽፈው መጽሐፍ የቀረችኝ የመጨረሻዋ ገጽ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን ተጽፋለች። የጻፍኳት ባለቤቴ ባረፈችበት ዕለት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ነው፤ ኪሴ ውስጥ በተገኘ የውሃ ቢል ጀርባ፣ ከነርሷ በተዋስኩት ቀይ እስክሪብቶ። ባለቤቴ ቀና ብላ አንድ ነገር ተናገረች፤ ወዲያው ነርሶቹ ተሯሩጠው ገቡና እኔን አስወጡኝ። ከዚያ በኋላ ድምጿን አልሰማሁም። ያለችኝን ጽፌ፣ አጥፌ፣ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ደፍሬ አላነበብኩትም።

እንዴት አታስታውሰውም ትሉኝ ይሆናል። ለሐዘን የመጣው ሰው ሁሉ «ምን ብላ አረፈች?» ይለኝ ነበር። እውነቱ ተራ ነገር ነው፤ ሰው በየቀኑ የሚለው ዓይነት፣ ሁለት ሦስት ቃል። ተራ ነገር ለመናገር አፈርኩ። «ሁላችንንም መርቃ ነው የሄደችው» አልኩ። ደራሲ ነኛ! ምርቃቱን በየቀኑ አሳመርኩት። ሰው አለቀሰ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ። በመጨረሻ ያ የፈጠርኩት ነገር እውነቱን ከጭንቅላቴ ገፍቶ አስወጣው። ግድ የለም፣ ወረቀት ላይ አለ ብዬ ተዝናናሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ?

መሳቢያውን ሳብኩት። ባዶ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሏል።

«ልጄ!» ብዬ ጮህኩ።

እጇን እየጠረገች ከወጥ ቤት መጣች። «ምነው አባዬ?»

«እዚህ የነበረው ወረቀት የታለ?»

«የድሮው ቢል? ለገና ዛፉ ኮከብ ትሥራበት ብዬ ለልጅቷ ሰጠኋት። አይዞህ፣ ንጹህ ወረቀትህን እንዳትነካብህ አስጠንቅቄያታለሁ።»

ባዶውን መሳቢያ መልሼ ገፋሁት። ቆማ ምስጋና እየጠበቀች ነበር።

ሳሎን ገባሁ። ዛፉ ላይ ሠላሳ የሚሆን ኮከብ ተንጠልጥሏል፤ አንዱ ወገን ቢጫ ተቀብቷል፣ ሌላው የእኔ ጽሑፍ ነው። መነጽሬን አድርጌ ዛፉን እየዞርኩ አነበብኩ። አንዱ ላይ ከድሮ ድርሰቴ የአንድ ሰውዬ ግማሽ ሠርግ አለ፤ ሌላው ላይ ወር ሙሉ የለፋሁበት ጠብ። ይሂዱ፣ አላዘንኩላቸውም። ቀይ ጽሑፍ ያለበት ግን አንድም የለም።

«አይጢቱ፣ በቀይ የተጻፈበት ወረቀት አልነበረም?»

«ነበር! እሱማ በጣም ስለሚያምር ለልብስ ሰፊዋ ሰጠኋት። መስኮቷ ላይ ለጠፍነው።»

«ስትቆርጪው የተረፈውስ?»

«እማዬ ጣለችው።»

ልጄ ከወጥ ቤት ሆና «የቆሻሻው መኪና ጠዋት ወስዶታል፤ አታስብ አባዬ፣ ቤቱ ጥርት ብሏል» አለች።

ካፖርቴን ደርቤ ወረድኩ። የልብስ ሰፊዋ ሱቅ እኛው ሕንጻ ሥር ነው። ኮከቡ ከውስጥ በኩል መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ ቢጫው ወደ ሱቁ፣ ጽሑፉ ወደ መንገዱ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጠፍኩ። በትንፋሼ ሲደበዝዝብኝ በእጅጌዬ እየጠረግኩ አነበብኩ። የላይኛው ጫፍ ላይ «ትራሷን» ይላል። መሀሉ ላይ «ቀና ብላ አየችኝ። አመመሽ ወይ ስላት» ይላል። ታች ደግሞ «አልመለሰችልኝም። መብራቱን» ይላል። ከዚያ በኋላ መቀሱ አልፎበታል።

መብራቱን። ድምጿ መጣልኝ፤ እዚህች ቃል ላይ ደርሶ ቆመ። መብራቱን አጥፋው ነው ያለችኝ? ወይስ አታጥፋው፣ ተወው? ደክሟት ልትተኛ ፈልጋ ነበር ወይስ ጨለማ ፈርታ? ሁለቱንም በእሷ ድምፅ ሞከርኳቸው። ሁለቱም እሷን መሰሉ። ለሰው አፍ ቃል ማበጀት የለመደ ጭንቅላት የትኛውን ቃል እንደሰማና የትኛውን እንደፈጠረ አይለይም።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል እንዳደረገች ብቅ አለች። «ጋሼ፣ ምነው ብርድ ላይ ቆሙ? ይግቡ እንጂ። ወይስ ያንን ካፖርት በስተርጅና ልናሳጥረው ነው?»

«ኮከቡን እያየሁ ነው።»

«አያምርም? ሙጫውን ግን ደፍታበት ነው የሄደችው። ላቃናው ብዬ ብነካው ጫፉ እጄ ላይ ተቀደደ። ምንድን ነው ግን የተጻፈው? ደንበኛው ሁሉ ይጠይቀኛል።»

«ምንም አይደለም። የውሃ ቢል ነው» አልኳት።

ደረጃውን ስወጣ ለልጄ ልንገራት ወይስ ልተወው እያልኩ ነበር። ብነግራት የእናቷን የመጨረሻ ቃል በገዛ እጇ ለቆሻሻ መኪና እንደሰጠች እያሰበች ዕድሜዋን ትጨርሳለች። ደግሞስ ምን ብዬ? እሷ የምታውቀው ምርቃቱን ነው። የእናቷ ፎቶ ሥር በሚያምር ጽሕፈት ጽፋ ሰቅላዋለች። በየቀኑ ወልውላ ታነበዋለች።

መሸት ሲል አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩ። ልጄ መጥታ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቴ ሳበችልኝ፤ እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች።

«ፊትህ ልክ አይደለም አባዬ። ለዋዜማው የጠራናቸው እንግዶች እስኪመጡ ትንሽ ዓይንህን ጨፍን።»

በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። እጇ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ነው።

«መብራቱን ላጥፋው ወይስ ልተወው?»

አፌን ከፈትኩ። እሷ ቆማ የእኔን መልስ ትጠብቃለች፤ እኔ የእናቷን።