የማክሰኞ ዋና

ፊሊፓ በስልክ እንደተናገረችው ከሆነ ኮኒን የነካት ሰው የለም። የልደቱ እንግዶች ሁሉ እያዩ ወደ መዋኛው ጥልቅ ጫፍ ሄዳ፣ አፍንጫዋን በጣቶቿ ይዛ፣ በገዛ ፈቃዷ ዘላ ገባች። «ትንሽ ጉራ ቢጤ ነው፤ ልጅ አይደለች፣ አልፈርድባትም» ብላ ነበር ፊሊፓ። ኮኒ እንደምትለው ደግሞ የዘለለ ሰው የለም። ወለሉ እርጥብ ነበር፤ አዳለጣት፤ ወደቀች፤ የመዋኛው ጠባቂ ጎትቶ አወጣት፤ በቃ።

እናቷ ሎርና ሁለቱንም አላመነችም። ቅዳሜ ከሐኪም ቤት ተመልሰው የልጅቷን ሹራብ ስታወልቅላት፣ ክንዷ ላይ ከክርኗ ወደ መዳፏ የወረዱ ቀያይ ጭረቶች አይታለች። ወለል ጥፍር የለውም። ውኃም ጥፍር የለውም። ጥፍር ያለው ሰው ነው፤ በዚያ ሰዓት ከኮኒ አጠገብ ቆማ የነበረችው ደግሞ የፊሊፓ ልጅ ኢሞጅን፣ ባለ ልደቷ ናት።

«ገፍትራታለች» አለች ሎርና እሑድ ጠዋት፣ የመኪናውን ቁልፍ ከመሳቢያ እያወጣች።

ባሏ ግሌን እንቁላል እየጠበሰ ነበር፤ ፊቱን አላዞረም። ወለል አንጣፊ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ተንበርክኮ ስለሚውል እሑድ ጠብ አይወድም። «ሐሙስ ይለፍ» አላት።

በዚያ ቤት ከፋሲካ ወዲህ ሁሉ ነገር «ሐሙስ ይለፍ» ሆኗል። የሚያፈሰው ጣሪያ ሐሙስ ይለፍ፤ አያትን መጠየቅ ሐሙስ ይለፍ፤ ኮኒ የምትለምነው ድመት ሐሙስ ይለፍ። ሐሙስ የአውራጃው የአሥር ዓመት ልጆች ለሁለተኛ ደረጃ መግቢያ የሚፈተኑበት ቀን ነው። ያለፈች ልጅ ኮረብታው ላይ ያለው፣ መርጦ የሚቀበለው የሴቶች ትምህርት ቤት ይከፈትላታል። የወደቀች ሌላው ቦታ ትገባለች። ሌላው ቦታ መጥፎ ነው ብሎ በአፉ የሚናገር የለም፤ ልጁን ወዶ የሚልክም የለም።

ሎርና የተማረችው ሌላው ቦታ ነው። ወንድሟ ሲያልፍ ብስክሌት ተገዛለት፤ እሷ ስትወድቅ እናቷ ጸጉሯን እየዳበሰች «አይዞሽ፣ አንቺ ደግሞ መልክ አለሽ» አለቻት። አሁን የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች፤ ሥራዋንም ትወዳለች። ግን በየጠዋቱ ኮረብታው ላይ ስትቆም፣ አረንጓዴ ኮት የለበሱ ልጃገረዶች እየተሳሳቁ ሲወርዱ፣ ያ «አይዞሽ» ጆሮዋ ላይ ይመጣል። ኮኒ አይዞሽ እንድትባል አትፈልግም።

ስለዚህ አስጠኚ ተፈለገ፤ ተገኘም። ወይዘሮ ሃርግሪቭ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ የመኪና ማቆሚያቸውን ክፍል አድርገው እዚያ ያስጠናሉ። ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው። በመጀመሪያው ቀን ለሎርና የነገሯት ሕግ አጭር ነበር፤ መኪና ደጃፌ ላይ አይቆምም፤ ልጆች እንዳይተያዩ በፊት በር ገብተው በኋላ በር ይወጣሉ፤ ስሜን ለሌላ ወላጅ የተናገረ ቦታውን ያጣል።

ሎርና ሕጉን አልጠላችውም። በዚህ ከተማ ልጁን የማያስጠና የለም፤ አስጠናለሁ የሚልም የለም። ክብሩ «ልጄ በራሷ ጭንቅላት አለፈች» ማለቱ ላይ ነው። እናቶች ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው የባላቸውን ኩርፊያ ይጨዋወታሉ፣ የአማታቸውን በሽታ ይጨዋወታሉ፤ የአስጠኚ ስም ግን ለንስሐ አባትም አይነገርም። አንድ ቀን ጆስሊን የምትባለው እናት ማክሰኞ ማክሰኞ እየተጣደፋችሁ የት ነው የምትሄዱት ስትላት ሎርና ሳታስበው «ዋና» አለች። ከአፍ ከወጣ በኋላ መመለሻ የለውም። ኮኒም ዋና እንድትል ተነገራት። ማንም እንዳያያቸው ሎርና ልጇን የምታወርዳት ከመምህርቷ ቤት ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ሆነ፤ ሲመለሱም ጎረቤት ቢያያቸው ብላ መኪና ውስጥ የልጅቷን ጸጉር በውኃ ታርሰው ነበር።

«ጫማሽን አድርጊ» አለቻት አሁን።

ኮኒ አላደረገችም። ኢሞጅን ምንም አላደረገችኝም፣ አዳልጦኝ ነው፣ እባክሽ እማዬ አንሂድ እያለች በር ድረስ ተከተለቻት። ሎርና ራሷ ጎንበስ ብላ ጫማውን አጠለቀችላት፤ ክሩንም አሰረችው።

ፊሊፓ በሩን የከፈተችው ገና የሌሊት ካባዋን እንደለበሰች ነው። ከኋላዋ ኮሪደሩ ላይ የልደቱ ፊኛዎች ተኮማትረው ወድቀዋል። እናትና ልጅን ተያይዘው ስታይ ሳቅ አለች፤ ሳቋ ግን ግማሽ ላይ ቆመ።

«ውይ፣ ደህና ናት አይደል? ግቡ፣ ሻይ ላፍላ።»

«ሻይ ልጠጣ አልመጣሁም። ልጅሽ ልጄን ገፍትራታለች።»

«ሎርና፣ በዓይኔ አይቻለሁ እያልኩሽ እኮ ነው። ልጆቹ ‹ዋናተኛዋ ታሳየን› አሏት፤ ሄደች፣ ዘለለች። ለነገሩ እኔንም ገርሞኛል።» ፊሊፓ የካባዋን መቀነት ጠበቅ አደረገች። «ዓመት ሙሉ የዋኘች ልጅ እንዲህ እንደ ድንጋይ ትሰጥማለች? አሠልጣኟን ቀይሪ።»

የሎርና ፊት ጋለ። የኮኒን እጅጌ ሰበሰበችና ክንዷን ወደ ፊሊፓ አፍንጫ አቀረበችው። «ይሄንንስ? ይሄንንም ድንጋዩ ነው የቧጨረው?»

ፊሊፓ ጭረቱን ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ በፊት አላየችውም ነበር። ቀና ሳትል ከደረጃው ላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እኔ ነኝ።»

ኢሞጅን የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ቆማለች። አንድ ደረጃ ወረደች። «ልይዛት ብዬ ነው። አትሂጂ አልኳት፤ እምቢ አለች፤ እጇ ደግሞ እርጥብ ነበር፣ አመለጠኝ። መዋኘት አትችልም እኮ።»

«ወደ ክፍልሽ ግቢ» አለች ፊሊፓ ፈጠን ብላ።

«ቆይ» አለች ሎርና። «አለመቻሏን በምን አወቅሽ?»

ልጅቷ እናቷን አየች፤ ቀጥላ ኮኒን አየች። ኮኒ ጫማዋን ታያለች።

«ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ ስወጣ እሷ ከመኪና ትወርዳለች» አለች ኢሞጅን። «ወይዘሮ ሃርግሪቭ ጋ። በጀርባ በኩል።»

ፊሊፓ ግድግዳውን ተደገፈች። ኢሞጅን ማክሰኞ ማክሰኞ ፈረስ ትጋልባለች ተብሎ ነው የሚታወቀው፤ ሎርና ለገና የፈረስ ግልቢያ ጓንት ገዝታላት ነበር፤ ፊሊፓም «እንዴት አሰብሽው» ብላ አቅፋ ስማታለች። ሎርና ጓንቱን አስታወሰች። የምትስቅም የምትጮህም መሰላት።

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?» አለች ወደ ኮኒ ዞራ።

«እኔና እሷ ብቻ» አለች ኮኒ። ትንሽ ፈገግ አለች፤ ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያዋ። «እኔ ‹ፈረሱ ደህና ነው?› እላታለሁ። እሷ ‹ውኃው ቀዘቀዘ?› ትለኛለች።»

«ታዲያ ለምን ዘለልሽ?»

ፈገግታው ጠፋ። «ካልዘለልኩ ያውቁብን ነበር። ሐሙስ እስኪያልፍ ማንም እንዳያውቅ ብለሽኛል። ትንሽ ቀን ነው እኮ የቀረው።» ደግሞም እናቷ እንዳትቆጣ የፈለገች ይመስል ጨመረች፤ «ጠባቂው ቅርብ ነበር። ያወጣኛል ብዬ ነው።»

ሎርና ከቤቷ ይዛው የወጣችው ቁጣ አሁንም እንደ ሞላ ነው፤ የምታራግፍበት ሰው ግን ጠፋባት። ኢሞጅንን ይቅርታ ልትጠይቅ ፈልጋ ነበር። የልጅቷን ትከሻ ብቻ ነካ አድርጋ ኮኒን ይዛ ወጣች።

መንገዱን ሁሉ ቁጣው ከሰው ወደ ሰው ዞረ። ፊሊፓን ረገመቻት፤ ግን ፊሊፓ የዋሸችው እሷ የዋሸችውን ነው። ወይዘሮ ሃርግሪቭን ረገመች፤ ሴትየዋ ግን ልጆች ውኃ ውስጥ ይግቡ አላሉም። ቤት ስትደርስ ግሌን ሰምቶ ሲያበቃ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆየ፤ ከዚያ በእጆቹ መሃል «ሐሙስ እስኪያልፍ…» ብሎ ጀመረ፤ ዓይኗን ሲያይ አልጨረሰውም። ያን ቀን ማታ ለኮኒ ሾርባ ስታቀርብላት ልጅቷ «ተቆጥተሻል?» ብላ ጠየቀቻት። ሎርና «ባንቺ አይደለም» አለች። እውነት ነበር፤ በማን እንደሆነ ግን አልተናገረችም።

ሰኞ ከሥራ እንደወጣች የአውቶቡስ ነጂ ልብሷን ሳትቀይር ልጇን ከትምህርት ቤት ልትወስድ ሄደች። ፊሊፓ ከሌሎቹ ቀድማ ደርሳ ከአጥሩ ሥር ትጠብቃት ነበር። እንቅልፍ ያላገኘ ፊት ነበራት። ሌላ ወሬ ሳታነሳ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባች። የኢሞጅን ታላቅ እህት በጥቂት ነጥብ ወድቃ እንደቀረች፣ ዛሬም ድረስ እራት ላይ ስለ ትምህርት ቤት ሲወራ ተነስታ እንደምትሄድ ነገረቻት። ለማንም ያልነገረችው ነገር ነው። ሎርና ሰማቻት፤ አመነቻትም።

«ጡንቻዋ ተሸማቀቀ እንበል» አለች ፊሊፓ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጎበዝ ዋናተኛም ያጋጥመዋል። ነገ እኮ የመጨረሻው ጥናት ነው። ሰዓት አያያዙን ነው የሚያሠሯቸው። የኮኒ ችግር ደግሞ ሰዓት አይደል?»

ሰዓት ነው። ኮኒ መልሱን ታውቃለች፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ግን እንደ ብርቱካን ትልጠዋለች፤ ሳትጨርስ ደወል ይደወላል። ወይዘሮ ሃርግሪቭ «የመጨረሻዋን ጥናት ካላስቀረች ታልፋለች» ብለው በራሳቸው አፍ ተናግረዋል። እኚህ ሴት ደግሞ ስማቸው እዚህ በር ላይ መነሳቱን ከሰሙ ነገ በሩን አይከፍቱም፤ ለማንም አድልተው አያውቁም። ሎርና ይህን ሁሉ አሰበች፤ ራሷንም በእሺታ ነቀነቀች። ሦስት ቀን ነው። አንድ ቃል ነው።

እናቶቹ መጡ፤ ተሰበሰቡ። ሁሉም ስለ ቅዳሜ ሰምተዋል። ጆስሊን እጇን ዘርግታ ሎርናን እቅፍ አደረገቻት። «ነፍሴ ወጥታ ነበር በእግዜር! ዋናተኛችን እንዴት ሆነች?»

ሎርና አፏን ሳትከፍት ልጆቹ ወጡ። ኮኒና ኢሞጅን ጎን ለጎን እየመጡ ነበር። ኮኒ ጥያቄውን ሰምታዋለች። በትከሻዋ ያለውን ቦርሳ አስተካከለችና ፊቷን ወደ ጆስሊን ቀና አድርጋ፣ ሳትደናቀፍ፣ ትልቅ ሰው በሚመስል ድምፅ መለሰች፤

«ጡንቻዬ ተሸማቅቆ ነው። ጎበዝ ዋናተኛም ያጋጥመዋል።»

ከእናቷ የሰማችውን ኢሞጅን አስጠንታት ነው፤ ቃል በቃል። ጆስሊን «የኔ ጀግና» ብላ ጉንጯን ቆነጠጠቻት። ኮኒ ወደ እናቷ ዞረች፤ መልሱን አግኝታ የአስተማሪዋን ፊት የምታይ ተማሪ ትመስል ነበር። ፊሊፓ ከጎን ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች።

ሎርና ልጇን አየች። እሑድ መድረሻ የጠፋበት ቁጣ መንገዱን ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

«አይደለም» አለች። ድምፅዋ አውቶቡስ ውስጥ ለኋላ ወንበር እንደምትናገር ከፍ ብሎ ወጣ፤ ዞር ያላለ አልነበረም። «ኮኒ ዋና አትችልም። ተምራም አታውቅም። ማክሰኞ ማክሰኞ የምወስዳት አስጠኚ ጋ ነው። ወይዘሮ ሃርግሪቭ ይባላሉ፤ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። እኔ ነኝ ዋና በይ ያልኳት፤ ለኔ ብላ ነው ውኃ ውስጥ የገባችው።»

አንዲት እናት ስልኳን ማየት ጀመረች። ሌላዋ የልጇን ቦርሳ ዚፕ ከፍታ ዘጋችው። ጆስሊን ከሎርና ወደ ፊሊፓ ተመለከተች። «አንቺስ፣ ታውቂ ነበር?»

የፊሊፓ ፊት አመድ መሰለ። ዓይኗን ከሎርና ላይ አልነቀለችም።

«የሷን እሷን ጠይቂያት» አለች ሎርና። «እኔ የራሴን ነው የተናገርኩት።»

ኮኒ የእናቷን እጅጌ ጎተተች። «እማዬ፣ አሁን እኮ ነገ አያስገቡኝም። ሰዓቱስ?»

ሎርና ቦርሳውን ከልጅቷ ትከሻ አውርዳ በራሷ ትከሻ አንጠለጠለችው። ጎንበስ አላለችም፤ ድምፅዋንም አልቀነሰችም። ሁሉም እንዲሰማው ፈልጋለች።

«ነገ አንሄድም። ሐሙስ እስከቻልሽው ድረስ ትሠሪያለሽ፤ ደወል ሲደወል እርሳስሽን አስቀምጠሽ ትወጫለሽ። የት ነበርሽ ብሎ የሚጠይቅሽ ካለ ደግሞ፣ ከዛሬ ጀምሮ እውነቱን ነው የምትነግሪው።»